አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ሽኝት

ውድ የልጅ ልጄ ቫሲቲ፣

የእሳት ማጥፋቱንና መርከብ ውኃ ሲያስገባ የመከላከሉን ሥልጠና እንደጨረስሽ፣ ሰኞም በባሕር ጥበቃ መርከቢቱ እንደምትሳፈሪ እናትሽ ነገረችኝ። ወሬውን ሁለቴ አስደገምኳት፤ ጆሮዬ ስለደከመ ግን አይደለም።

በመንደራችን ሰው የሚሸኘው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ልትሄጂ የነበረ ጊዜ፣ ያን ቅዳሜ፣ የሥር መጠጣችንን ያንጎናን በጥብጠን ጠጣን፣ አሣማ አረድን፤ እኔም የጎሳው ቃል አቀባይ እንደመሆኔ ስምሽን ጠርቼ አሰናበትኩሽ። ቀኑን የቆረጥነው በመርከቢቱ መነሻ ነበር፤ ሥልጠናሽ መቼ እንደሚያልቅ የጠየቀ አልነበረም። አውሎ ነፋስ አሠልጣኞቹን መርከቢቱ ወደምትነሳበት ወደ ሱቫ ወደብ እንዳይደርሱ ማገዱንም አልሰማንም። ሳምንቱ ሳይሞላ ሻንጣሽን ተሸክመሽ ከጀልባ ስትወርጂ መንደርተኛው በሙሉ ዳርቻው ላይ ነበር። በእኛ ዘንድ የአክስት ልጅ መቀለድ መብቱ ነውና፣ የአክስቴ ልጅ ኢሊኬና ቀደመ።

«እሰይ! ባሕሩን ጨርሰሽው መጣሽ? አሣማው እኮ ገና ከሆዳችን አልወረደም!»

«አያ ኢሊኬና፣ ቀስ ብለው ያላምጡት፤ መሄዴ አይቀርም» ብለሽ መለስሽለት።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንቺ ግን አንገትሽን አልደፋሽም።

ቤት ገብተን የሆነውን አጫወትሽኝ። የመርከቢቱ አዛዥ «ዝም ብለሽ ተሳፈሪ፤ ሥልጠናውን ስንመለስ ትወስጃለሽ። ማን ይጠይቅሻል?» ብሎሽ ነበር። አንቺም «ጌታዬ፣ ጭስ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። እሳት ቢነሳ ጓደኞቼ እሳቱን ያጥፉ ወይስ እኔን ይፈልጉ?» አልሽው። መርከቢቱ ትታሽ ሄደች። ቦታሽ ለሌላ ሊሰጥ እንደሚችል እያወቅሽ፣ የምልሽን ለመስማት ዓይን ዓይኔን ታዪ ነበር። እኔ ግን «ራትሽን ብዪ» ብዬ ሳህኑን አቀረብኩልሽ።

እንግዲህ አሁን ልናገር። በባሕር ላይ ባሳለፍኩት ዘመን ማዕበል የማይፈራ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ልቡ መርከብ ላይ እያለ፣ ሕዝብ እየሳቀበት፣ ገና አልተዘጋጀሁም ብሎ ወደብ ላይ የቀረ ሰው ግን ከአንቺ በቀር አላየሁም። ኮርቼብሻለሁ።

ሁለተኛ ሽኝት አልጠራሁም፤ የፊተኛው አልፈረሰም። ትናንት ግን ኢሊኬና ጓሮው ውስጥ አንድ የአሣማ ግልገል አስሮ ሲቀልብ አገኘሁት።

«ይኸ ደግሞ ለማን ነው?» አልኩት።

«ለዚያች ለግትር ልጅህ መመለሻ ነዋ! በሳምንቷ ብትመጣ ግን አሣማው ተፈቶ እሷ ናት የምትታሰረው!»

በይ ልጄ፣ ግልገሉ በደንብ ይወፍር ዘንድ በጉዞሽ አትቸኩዪ።

ስምሽን ባሕሩ ፊት የጠራው አያትሽ፣
አፒሳሎሜ