ሁለት ጊዜ የተለቀሰላቸው የአቶ ሚልኪያስ ወርቁ የሕይወት ታሪክ

መጀመሪያ የተሰማው የእድሩ ጥሩምባ ነው። ዛሬ ማለዳ፣ ሰው ገና ከደጁ ሳይወጣ፣ ነፊው ከወንዙ ማዶ ሦስት ጊዜ ነፋና «ሚልኪያስ ወርቁ አርፏል! እድርተኛ ለምክር ውጣ!» አለ። ለቀብር ውጣ አላለም፤ ለምክር ነው ያለው። ከየቤቱም የተመለሰለት እዬዬ ሳይሆን «የቱ ሚልኪያስ? እሱማ ሞቶ የለም እንዴ!» የሚል ነበር።

አቶ ሚልኪያስ ከአባታቸው ከአቶ ወርቁ ደስታና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጌጤ አሰፋ በ1968 ዓ.ም. በቀወት ወረዳ፣ ከጀውሃ ከፍ ብላ በምትገኘው መንደራችን ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው «ከዚህ በላይማ ምን ያደርጋል» ብለው አቆሙ። ከዚያም ማሾና ሽንኩርት እያመረቱ፣ በመኸር ወራት ጀውሃ ወርደው የጭነት መኪና እየጫኑ ኖሩ። በ1991 ዓ.ም. ከወ/ሮ መቅደስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጸሙ፤ በ1993 ዓ.ም. ሜሮን የምትባል ልጅ ወለዱ። እስከዚህ ድረስ ሕይወታቸው የማንኛችንም ሕይወት ነው።

በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሚስታቸውን የጆሮ ወርቅ ለደላላ ሰጥተው፣ የካራቆሬ ሰው ከሆነው ጓደኛቸው ከሱሌይማን ጋር በጅቡቲ በኩል ባሕር ለመሻገር ወጡ። «አዲስ ሕይወት እጀምራለሁ» ብለው ነበር የተሰናበቱት። አሮጌው ምን እንደበደላቸው የጠየቃቸው የለም። ያን ጊዜ በዚህ አገር የሚሄድ ሰው ይመረቅ ነበር እንጂ አይጠየቅም ነበር፤ ዛሬም ያው ነው።

ጀልባዋ የየመን ዳርቻ ልትደርስ ስትል ተገለበጠች። ሱሌይማን ዋኝቶ ወጣ፤ ጓደኛውን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። ከወር በኋላ ጀውሃ ስልክ ቤት ደውሎ «ሚልኪያስን ውኃ በላው፤ አላህ ያጽናችሁ» አለ። እሱ በቅን ልብ የተናገረ ሰው ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የማይወቀስ ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ሬሳ ስላልነበረ የክት ልብሳቸው በአልጋ ላይ ተዘርግቶ ተለቀሰ። እናታቸው ወ/ሮ ጌጤ ፊታቸውን ነጭተው ነጠላቸው በደም ራሰ። ካህናት ፍትሐት ፈቱ፤ በአርባው ቀን የማረሻ በሬያቸው ታርዶ ተዝካር ወጣ። መንደሩ በላ፣ ጠጣ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ አፉን ጠርጎ ተነሣ። እድሩም በመዝገቡ ላይ «የሞተ» ብሎ ጻፈ። ወ/ሮ ጌጤ በሦስተኛው ዓመት በዚሁ ሐዘን አረፉ።

አቶ ሚልኪያስ ግን ጂዳ ነበሩ። ሌላ ጀልባ አንሥቷቸው፣ በእግር ድንበር ተሻግረው፣ የሕንፃ ጥበቃ ሆነው ተቀጥረው፣ ከአንዲት ስደተኛ ጋር ጎጆ ወጥተው ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ልቅሶአቸውን ገና በዓመቱ ሰምተዋል። ይህን ሁሉ ዘመን ስልክ ነበራቸው። ለምን እንዳልደወሉ በኋላ ሲጠየቁ «ልደውል አልኩና፣ የታረደውን በሬ ማን ይመልሳል ብዬ ተውኩት» ብለው መለሱ። በሬ! እናት በቁሟ ስትቀልጥ የታያቸው በሬው ነው።

በ2010 ዓ.ም. ከሳዑዲ ሲባረሩ አንድ ፌስታል ይዘው ጀውሃ ወረዱ። የዚያኛው ቤት ሚስትና ልጆች ሌላ ባሕር ተሻግረዋል፤ አድራሻቸውን የሚያውቅ የለም። በመንገድ መጀመሪያ ያገኟቸው የእድሩ ዳኛ ጋሼ ታምራት ነበሩ። ጋሼ ታምራት ከላይ እስከ ታች አዩአቸውና «አንተ! ተዝካርህን በልቼልሃለሁ፤ ደግሞ ምን ቀረብኝ ብለህ መጣህ?» አሏቸው። አቶ ሚልኪያስም «እርስዎ ከበሉትማ እስካሁን ተፈጭቷል፣ ጋሼ» ብለው ሳቁ። ማፈር አያውቁም ነበር።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በወንድማቸው የሽንኩርት ማሳ ላይ የመስኖ ሞተር እየጠበቁ ኖሩ። «ሞቻለሁ፤ ግብር የሚጠይቀኝ የለም» እያሉ ይቀልዱ እንጂ አንድ ነገር ያስጨንቃቸው ነበር፤ የሚቀብራቸው ሰው። እድሩ «አንድ አባል የሚለቀስለት አንድ ጊዜ ነው» ብሎ ዘጋባቸው። መዝገቡ የሚፈታው ያኔ ሐዘን የተቀመጡት ሚስታቸው ጉባኤ ፊት ቆመው «ባሌ ይህ ነው» በማለት ልቅሶአቸውን ሲመልሱ ብቻ ነው ተባለ። ያለ እድር ደግሞ በዚህ አገር ቃሬዛ የሚያነሣ ትከሻ አይገኝም። በሬውን ሲበላ ማስረጃ ያልጠየቀ ጉባኤ፣ ሰውየው በእግሩ ቆሞ እያዋራው ማስረጃ ጠየቀ።

አቶ ሚልኪያስ ወደ ሚስታቸው ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላኩ። ወ/ሮ መቅደስ ሦስቱንም ጊዜ «የእኔ ባል ባሕር ውስጥ ነው። ይሄንን ከየት እንዳመጣችሁት እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው መለሱ። ልጃቸው ሜሮን በበኩሏ «ሰውዬው» ከማለት በቀር ስም አልሰጠቻቸውም።

አቶ ሚልኪያስ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሸዋ ሮቢትና በደብረ ብርሃን ሲታከሙ ቆይተዋል። ወደ ደብረ ብርሃን ሲወሰዱ የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ እንደገቡ «አሁንስ የምር ቀበራችሁኝ» ብለው ነበር። የሳቀላቸው የለም። ሕክምናው ሳይረዳቸው ቀርቶ ትናንት ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ በዐሥር ሰዓት፣ በተወለዱ በ49 ዓመታቸው፣ ከሞተሩ አጠገብ ባለችው ጎጆ አረፉ።

ጥሩምባው የተነፋው ስለዚህ ነው። በዚህ ሙቀት ሬሳ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ጉባኤው ግን ከዋርካው ሥር ተቀምጦ ይነታረክ ነበር። ሦስት ሰዓት ገደማ ወ/ሮ መቅደስ ማንም ሳይጠራቸው መጡ፤ ሬሳው ወዳለበት ጎጆ ገቡ፤ ጋቢውን ከሟቹ ፊት ገልጠው አተኩረው አዩ። ጋሼ ታምራት ከበሩ ላይ ሆነው «መቅደስ፣ ሰውየው ማን ነው?» አሉ።

«ሚልኪያስ ነው» አሉ። «ያኔ ያለቀስኩትን መልሻለሁ። በሉ ቅበሩት፤ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ሰባት ዓመት ሕግ ሲጠቅስ የኖረ ጉባኤ አካፋና ዶማ ለመያዝ ተጋፋ።

አቶ ሚልኪያስ የአንዲት ሴትና የሁለት ወንዶች ልጆች አባት ነበሩ። ምድር ላይ ቦታ ያጣችውን ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በማያሳፍር ደጁ ይቀበልልን፤ በእሳቸው ሐዘን የሞቱትን እናታቸውንም ያሳርፍልን።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ «ባለቤታቸው» የሚለው መስመር ስም ሳይጻፍበት ክፍት ነበር። ሜሮን ወረቀቱን ይዛ «እማዬ፣ ስምሽ ይጻፍ ወይስ ይቅር?» ብላ ጠየቀቻቸው። ወ/ሮ መቅደስ ወረቀቱን አላዩትም። ነጠላቸውን አጣፉና ቃሬዛው ሳይነሣ ወደ ጀውሃ በሚወርደው መንገድ ሄዱ።