ለኦዴራ የተተወ ቦታ

ማክሰኞ፣ ጁን 3
ዝናብ። የበቆሎ ገንፎ፣ ኡጋሊ፣ በኦሜና ዓሣ በላሁ። ልጄ አዶዮ ከናይሮቢ የላከችው ሳጥን ደረሰ። ትንሽ፣ ቀይ። ጊታርን ከኮምፒውተር ጋር ያገናኛል አሉ። ሳየው ዋልኩ እንጂ አልነካሁትም።

የባንዳችን መሪ ጊታር ተጫዋች የነበረው የሟቹ ኦዴራ ሚስት ሮዝላይን ለሙት ዓመቱ ዘፈናችንን ቀድቼ እንድልክላት ጠይቃኛለች። እግሬ እስከ እነሱ አገር፣ እስከ ሲያያ፣ አያደርሰኝም። "ሌላ ማን ቀረ፣ ወንድምዬ?" አለችኝ። እውነቷን ነው... ከባንዱ የቀረሁት እኔው ነኝ።

ረቡዕ፣ ጁን 4
ሰካሁት። ድምፁ እንደ ትንኝ ሲጥ አለ። አዶዮ ጋ ደወልኩ።
"ባባ፣ የት ነው የሰካኸው?"
"ማይክሮፎን የተሳለበት ላይ ነዋ" አልኳት።
ሳቀችብኝ። ወደ ጎኑ ቀዳዳ አዛውሬ የጊታር ምልክት ያለበትን ቁልፍ እንድጫን ነገረችኝ። ስጫነው ቤቱ በድምፅ ሞላ። ከቀብሩ ወዲህ ጊታሬን እንዲህ ሰምቼው አላውቅም። ስልኩን ስትዘጋ ግን ጭር አለብኝ።

ዓርብ፣ ጁን 6
ሠላሳ ዓመት ሁለተኛ ጊታር ነኝ። ኦዴራ በጊታሩ ይጠይቃል፣ እኔ በጊታሬ እመልሳለሁ። ዛሬም የሱ ተራ ሲደርስ እጄ ቆሞ ጠበቀው። ስድስት ጊዜ ቀዳሁ፣ ስድስቱንም ጊዜ ጠበቅኩ። ማንን?

አዶዮ የሁለታችሁንም አንተው ተጫወት፣ ኮምፒውተሩ ይደርበዋል ትላለች። በኛ ባንድ የሰው ጊታር አይነካም ነበር...

ቅዳሜ፣ ጁን 7
የሱን ተጫወትኩ። አንድም ስህተት የለውም። ግን ኦዴራ አይደለም። ያ ሰው ሲጫወት ሁሌ ይቸኩል ነበር፣ ዕድሜ ልካችንን የተጨቃጨቅነው በዚሁ ነው። አጠፋሁት። አለቀስኩ፣ ከማን እደብቃለሁ?

ሰኞ፣ ጁን 9
የኔን ብቻ ላክሁ፣ ከነባዶ ቦታው። ይቅርታ ብዬ ጻፍኩላት።

ሐሙስ፣ ጁን 12
የሮዝላይንን መልስ ፍለጋ ስልኬን ደጋግሜ ከፈትኩ።

እሑድ፣ ጁን 15
ሮዝላይን ደወለች። ሙት ዓመቱ ትናንት ነበር። ዘፈኑ ተከፍቶ ባዶው ቦታ ሲደርስ ሰዉ ተበላሽቷል ብሎ ተያየ አለች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከኋላ የኦዴራን የጊታር ዜማ በአፉ ማዜም ጀመረ። በሁለተኛው ዙር ግቢው በሙሉ ተቀበለው።
"በስልኬ ቀድቼዋለሁ። ልኬልሃለሁ፣ እስኪ ስማው" አለችኝ።

ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩት። ይቸኩላሉ። ልክ እንደሱ። ቀስ በሉ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የጊታሬን ገመድ ሰካሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። አብሬያቸው ቸኮልኩ።