ማለፍ ሌላ፣ መቆጠር ሌላ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለዡዋኪም ቦርዤስ፣ ቴርሴራ ደሴት

ውድ አባባ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የደሴቱ እርጥበት እንደማይስማማው አውቃለሁና፣ ወፍራሙን ካልሲ ሳያደርጉ ጠዋት ከቤት እንዳይወጡ። ሊያስታምሟት የሄዱላት አያቴስ እንዴት ናት? ከአልጋዋ መነሳት ጀመረች ወይስ አሁንም አክስቴ ፊሎሜና ናት የምትደግፋት? ሾርባው ጨው የለውም እያለች መቆጣት ከጀመረች ድናለች ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሐሳብ አይግባዎ።

እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ሙቀቱ ብቻ አልለቀቀንም፤ ላሞቹ ከሰዓት በኋላ ከጥላው ሥር ንቅንቅ አይሉም፣ ወተቱም ትንሽ ቀንሷል። ኤስትሬላ ሴት ጥጃ ወልዳለች። ግንባሯ ላይ የእናቷ ዓይነት ነጭ ምልክት አላት፤ ስም ግን እርስዎ እስኪያወጡላት እየጠበቅን ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አጎቴ ዤርማኑ እርስዎ በስልክ ያሉትን ነግሮኛል። «ኮሌጅ ስትገባ የወተት ከብት እርባታውን ትማር፣ በሁለት ዓመት ሰርተፍኬቷን ይዛ ወደ በረቷ ትመለስ» ብለዋል አሉ። መልእክትዎ ደርሶኛል፤ አልተቀበልኩትም። በሰው አፍ ዞሮ ከሚደርስዎ ከእኔው ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። የተመዘገብኩት ለኬሚስትሪ፣ ለካልኩለስ፣ ለባዮሎጂና ለጽሑፍ ትምህርት ነው። እዚህ ሁለት ዓመት ተምሬ ወደ ሰሜን፣ የእንስሳት ሐኪሞች ወደሚሠለጥኑበት ዩኒቨርሲቲ እዛወራለሁ። የእንስሳት ሐኪም እሆናለሁ። ልብ ይበሉልኝ፣ መሆን እፈልጋለሁ አላልኩም።

ይህንኑ ከመመዝገቤ በፊት አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ አጎቴ ቋሊማ እየጠበሰ ሳለ ተናገርኩ። መጥበሻውን ትቶ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! አንቺ ልጅ፣ በረት ሙሉ ላም በምድር አለልሽ፣ ምን ሰማይ ለሰማይ ያንከራትትሻል?» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔም «አጎቴ፣ በበዓሉ ቀን ለጨዋታ በሬው በገመድ እንደታሰረ ሰው መሃል ሲለቀቅ ከሰው ሁሉ ቀድሞ አጥር ላይ የሚወጣው ማን ነው? የደፋር ምክር ከደፋር እሰማለሁ» አልኩት። እማማ ከጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠችኝ፤ ግን ፊቷን አዙራ ስትስቅ አይቻታለሁ። አጎቴም ቀዝቀዝ ሲል «እሺ፣ እምቢ ካልሽ በመጀመሪያው ዓመት ቀላል ቀላሉን ውሰጂ። ፎቶግራፍ አለ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ አለ። ጥሩ ውጤት ይዘሽ መሄድ ነው ዋናው» አለኝ።

አባባ፣ ይህ ምክር የገዛ ልጁን ኔልሰንን የት እንዳደረሰው ያውቃሉ። ኔልሰን ሰነፍ አልነበረም። የወሰደውን ሁሉ አልፏል፣ ያውም በጥሩ ውጤት። ወደ ዩኒቨርሲቲ ልዛወር ሲል ግን ለመሐንዲስነት የሚያስፈልገው ይህ አይደለም ብለው ከግማሽ በላዩን ሳይቆጥሩለት ቀሩ። እንደገና ከሀ ጀምር ሲባል ሆዱ ባባ፣ ትቶት መጣ፤ ይኸው ዛሬ የወተት መኪና ይነዳል። መኪና መንዳት ነውር አይደለም፤ እሱ ግን የፈለገው ድልድይ መሥራት ነበር። ጧት ጧት ወተታችንን ሊወስድ ሲመጣ «ሉሲንዳ፣ ማለፍሽን አትጠይቂ፣ መቆጠሩን ጠይቂ» ይለኛል። ከዘመድ ሁሉ ምክር የያዝኩት ይህችን ብቻ ነው።

ለመመዝገብ የሄድኩት በቀጥታ ከበረት ነበር። የኮሌጁ አማካሪ ወይዘሮ ሃልቨርሰን ደግ ሴት ናት፤ ግን ፊቴን ሳይሆን ቦት ጫማዬን አይታ ፈረደች። ገና ሳልቀመጥ የከብት እርባታውን ወረቀት አወጣችልኝ። የለም፣ ኬሚስትሪ ነው የምፈልገው ስላት «እንግዲያው የኔ ቆንጆ፣ ይሄኛውን ልስጥሽ፣ ቀለል ይላል። ሁለቱም ያው ኬሚስትሪ ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ሚሞዛ ትዝ አለችኝ።

ሚሞዛን መቼም አይረሷትም። ከጎረቤታችን ከመበለቷ የገዟት፣ በውድድር ዋንጫ ያገኘች ላም ነበረች። የዘር ወረቀቷ ግን ጠፍቶ ስለነበር እኛ በረት ስትገባ የላም ዘር የሚመዘግበው ማኅበር ዘሯ እንደማይታወቅ ላም መዘገባት፤ የወለደቻቸውም እንደዚያው ቀሩ። ዋንጫዋም ወተቷም አላዳናትም። እርስዎ ያን ዕለት ባልዲውን በእርግጫ አሽቀንጥረው «ከእንግዲህ ወረቀቷን ሳላይ አንዲት ላም በረቴ አትገባም!» ብለው ማሉ። እንግዲህ እኔ የዚያ ሰው ልጅ ነኝ። ወይዘሮ ሃልቨርሰንን «ይሄኛው፣ ለእንስሳት ሕክምና ስዛወር ይቆጠርልኛል?» አልኳት። መነጽሯን አድርጋ ብታይ፣ አይቆጠርም። «ወረቀት የሌላት ላም አልገዛም» አልኳት። የምለው ባይገባትም ትክክለኛውን ጻፈችልኝ። ከዚያ በኋላ ስለ እያንዳንዱ ትምህርት «ይሄስ ይቆጠራል?» እያልኩ ስይዛት፣ በመጨረሻ እሷው ሳልጠይቃት «ይቆጠራል፣ ይቆጠራል» እያለች ትስቅ ጀመር።

ቀላል ነው ብዬ አልዋሽዎትም። የኬሚስትሪ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ከክፍሉ ሰው ሁሉ እኔ ብቻ ያልገባኝ ይመስለኛል፤ አንድ ቀን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አልቅሻለሁ። አልቅሼ ስጨርስ ግን ተመልሼ ገባሁ። የጠዋቱን ወተት እንደ በፊቱ እኔ ነኝ የማልበው፤ ከበረቱ የጎደለ ሥራ ካለ አጎቴን ይጠይቁት፣ ቢጎድል ኖሮ እሱ እኔን ሳያማ አያልፍም ነበር።

እርስዎን ያሰጋዎት ኬሚስትሪው እንዳልሆነም አውቃለሁ። ሄዳ ትቀራለች፣ በረቱም ለባዕድ ይሸጣል ብለው ነው። እመለሳለሁ ብዬ ብምልልዎ ደስ ይልዎ ነበር። አልምልም። ገና ያላየሁትን ነገር ምዬ ከማስደስትዎ እውነቱን ተናግሬ ብንኳረፍ ይሻለኛል። ይወዱኛል፣ እወድዎታለሁ፤ ኩርፊያውን እንችለዋለን። ትምህርቱን ግን አልቀይርም።

እማማ ጉልበትዎን በዘይት ይሹት ብላለች፤ ናፍቆቷን ግን በጽሑፍ አይሆንም ብላ ለራሷ አስቀርታዋለች። እህቴ ዳልቫ ከደሴቱ አይብ ይዘውላት እንዲመጡ አደራ ትላለች። ኔልሰን እጅ ይነሳል። አጎቴ ዤርማኑም ቢያኮርፈኝም ሰላም በይልኝ ብሏል። አክስቴ ፊሎሜናን ስለ ድካሟ ሁሉ ይሳሙልኝ፤ ባሏን አጎቴን ቪቶሪኖንም እንዲሁ።

አያቴን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝና ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ያንብቡላት። እዚያ ለእረፍት የመጣሁ ጊዜ አንድ ነገር አጫውታኛለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመትዎ፣ የጉዞዎን ዝግጅት ለማንም ሳይነግሩ ጨርሰው፣ አንድ ጠዋት የአባትዎን ላሞች አልበው ባልዲውን አስቀመጡና «እማዬ፣ ዛሬ ከሰዓት ወደ ካሊፎርኒያ ነኝ» አሏት። እኔ ሁለት ዓመት አስቀድሜ ነግሬዎታለሁ። ከሁለታችን የትኛው ልጅ እንደሚሻል እሷ ትፍረድ።

ልጅዎ ሉሲንዳ

ቱላሬ፣ ካሊፎርኒያ
ሴፕቴምበር 8 ቀን 1996