ሳያስታውቁ ልክ የሆኑባት ማክሰኞ

ይድረስ ለተከበሩ የተፋሰሱ የአየር ጠባይ ትንበያ ክፍል ኃላፊ
ቡታጅራ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ አሰላሙ ዓለይኩም እያልኩ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎን፣ የባልደረቦችዎንና በቢሮው ጓሮ የቆመውን የዝናብ መለኪያ ደኅንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ በቆሼና በዙሪያዋ ባለው ሜዳ የምንኖር ሰዎች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነን፤ ረጥበናል እንጂ ደኅና ነን። ባለፈው ሰሞን በሬዲዮ ሲናገሩ ድምፅዎ ሻከር ያለ መስሎን ተጨንቀን ነበር። ጉንፋን ከሆነ አላህ ያሽርዎት፤ ጸጸት ከሆነ ግን እባክዎ አይቸኩሉ፣ ደብዳቤውን ጨርሰው ይጸጸቱ።

ስሜ ከድሮ ሳኒ ይባላል። ቆሼ ከተማ ውስጥ የቤት ክዳን ቆርቆሮ እሸጣለሁ፤ ስለዚህ ዝናብ በግሌ ምንም አልበደለኝም፣ እንዲያውም ደንበኛ ያመጣልኛል። ለእርስዎ የምጽፈው በሌላው ሹመቴ ነው። በሰፈራችን በርበሬ የሚያለሙ ሠላሳ ቤቶች ደቦ አላቸው፤ በየተራው ሁሉም ተሰብስቦ የአንዱን ማሳ ይኮተኩታል፣ ባለተራውም ያበላል። እኔም የበርበሬ ማሳ ለመባል የምትንጠራራ ቁራሽ መሬት ስላለችኝ አባል ነኝ። ስልኬ ከሁሉም የተሻለ ኔትወርክ ስለሚይዝ፣ መሥሪያ ቤትዎ በቴሌግራም የሚለቀውን የክረምት ዕለታዊ ትንበያ ለደቦው ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነኝ። ሥራው ደመወዝ የለውም፤ ስድብ ግን አለው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቁጥር የሌለውን አቤቱታ እንደማያነብ ከሕይወት ስለተማርኩ ነገሬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መስኮትዎ። ሐምሌ ሲገባ ለጉዳይ ቡታጅራ መጥቼ መሥሪያ ቤትዎን የጎበኘሁ ጊዜ፣ የባለሙያዎችዎ መስኮት ወደ ተራራው የተከፈተ መሆኑን አይቼ ቀናሁ፤ እይታው ግሩም ነው፣ ነፋሱም አንጀት ያርሳል። የምትተነብዩለት ሜዳ ግን ያለው በጀርባችሁ በኩል ነው። ተራራው ደመና ሲለብስ እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ጠብ አይልም፤ ደመናው ያለውን ሁሉ እዚያው እናንተ ላይ ጨርሶ ለእኛ ነፋሱን ብቻ ይልክልናል። ተራራው ወለል ብሎ ሲጠራ ደግሞ ዝናቡ ከሐይቆቹ አቅጣጫ፣ ማንም ባላየው በኩል ይመጣብናል። ስለዚህ «ከባድ ዝናብ» ባላችሁን ቀን አቧራ ቃምን፤ «ደረቅና ፀሐያማ» ባላችሁን ቀን በርበሬያችን ዋኘ። ነገር ግን እንደ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች በዘፈቀደ አልተሳሳታችሁም፤ በሥርዓት ነው የተሳሳታችሁት። ለዚህ ሥርዓታችሁ ያለኝ አክብሮት ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፤ ስለ እምነታችን። የደቦው ሰብሳቢ ሙባሪክ፣ በሕግ ነገር ቀልድ የማያውቅ ሰው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ትንበያውን ከሰማይ ጋር ሲያስተያይ ከቆየ በኋላ አንድ ጁምዓ ከስግደት ስንወጣ፣ «በቃ፣ ገብቶኛል፤ ዝናብ ካሉ ዶማችሁን ሳሉ፣ ፀሐይ ካሉ ቤታችሁ ተቀመጡ» ብሎ አወጀ። ከዚያ ጁምዓ ወዲህ በዚህ መመሪያ ሐምሌን ጨረስን፣ ነሐሴን ተሻገርን፣ አንድም ባለተራ ቀኑ በዝናብ አልተበላሸበትም። ጎረቤታችን ሰይፉ፣ ለማንም በቀላሉ ምርቃት የማይወጣው ሰው፣ «እነዚህን ልጆች ዕድሜ ይስጣቸው፤ አንድ ቀን እንኳ አታለውን አያውቁም እኮ፣ ሁሌ ስሕተት ናቸው» እያለ ያመሰግናችኋል። በዚህ አገር የተናገረው ሁሉ በተናገረው ተቃራኒ እንዲህ ሳይዛነፍ የሚፈጸም መሥሪያ ቤት ማግኘት ትልቅ ጸጋ እንደሆነ፣ ኃላፊነቱን ለእርስዎ የሰጡ አካላት ሳይረዱት የቀሩ አይመስለኝም።

ሦስተኛ፤ ማክሰኞ። ክቡር ሆይ፣ ማክሰኞ ምን ነካችሁ?

ባሂራ የምትባል ጎረቤት አለችን። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት የበርበሬ ማሳ ነው። ዕጣ ሲወጣ የመጨረሻው ተራ ደረሳት፤ ከመስቀል በፊት ከእሷ በኋላ ተራ የለም። ከመስቀል በኋላም ደቦ አይታሰብም፤ እንደሚያውቁት በዓሉ በእኛ አገር የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ክርስቲያኑ ከአዲስ አበባ የሚጎርፈውን ዘመድ ሲቀበል፣ ሙስሊሙ ለዚያው ዘመድ ሰንጋ ሲሸጥ፣ ሰው ወደ ዶማው የሚመለሰው አረሙ ካበበ በኋላ ነው። እናም ባሂራ ክረምቱን ሙሉ የሌላውን ማሳ ስትኮተኩት ከርማ የራሷን ቀን ትጠብቅ ነበር።

ለማክሰኞ ያወጣችሁት ትንበያ «በሜዳማው ተፋሰስ ላይ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ይል ነበር። ሳነብላት ደስታዋን ቢያዩት ኖሮ ለራስዎም ደስ ይልዎት ነበር። «ከባድ ካሉማ ጠራራ ነው!» ብላ ቆጮውን ጋገረች፣ ጎመኑን በአይብ አሰናዳች፣ ያላትን ቅቤ ሁሉ አወጣች። ማክሰኞ ማለዳ ሠላሳ ሰው ዶማውን ተሸክሞ መጣ። ተራራው ጠቁሯል፤ ተራራው መጥቆሩን አይተን እርስ በርሳችን ተቃቀፍን። የመጀመሪያውን መስመር ሳንጨርስ ሰማዩ ተቀደደ።

ልክ ሆናችሁ፤ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ልክ ሆናችሁ። ልክ ለመሆን ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ብታሳውቁን ምን ነበረበት? መብራት እንኳ ሲጠፋ አልፎ አልፎ ማስታወቂያ ይነገራል።

ሸሽተን ባሂራ ቤት ገባን። ቆርቆሮው ከእኔ የተገዛ ስለነበረ አላፈሰሰም፤ ይህን የማነሣው ለማስታወቂያ ሳይሆን ለመረጃ ያህል ነው። ዝናቡ አላባራ ሲል ምግቡ ቀረበ፣ ሰው በላ። በደቦአችን ሕግ ደግሞ ሰው መጥቶ ከበላ ተራው ተቆጥሯል። ሕጉ የወጣው ሰው ጠርተው፣ አብልተው፣ «ዛሬስ አልተመቸኝም» እያሉ ተራቸውን ለሚያራዝሙ ብልጦች ነበር፤ ባሂራን አስቦ የወጣ አይደለም። ሙባሪክ ግን እጁን ታጠበና፣ «ባሂራ፣ አላህ ይስጥሽ፣ ጠግበናል። ተራሽ ግን አለቀ» አላት።

«የቱን ማሳ ኮትኩታችሁ ነው ያለቀው? ሆዳችሁን?» አለችው።

ከድጄ፣ የባሂራ የአጥር ጎረቤት፣ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «አንተ ሙባሪክ፣ ሦስት ጊዜ ጨምሩልኝ ስትል ተራ መሆኑን ረስተኸው ነበር?» ስትለው ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ሙባሪክ ግን ሕግ አዋቂ ነው። «ባለተራው ጥፋት ከሌለበት ተራው ይመለሳል፣ እሱን አልካድኩም። እሷ ግን ዝናብ ይጥላል ተብላ ነው የጠራችን። ዝናቡ ጣለ። ታዲያ የማን ጥፋት ነው?» አለ። ሰይፉ ዶማውን አንሥቶ ወደ ዝናቡ ወጣ፤ እኛም ተከተልነው።

ማግስቱን ማሳዋን ሄጄ አየሁት። አረሙ ከበርበሬው በልጧል። ባሂራ ከትልቋ ልጇ ጋር ተንበርክካ በእጇ ትነቅል ነበር፤ ቀና ብላ ሰላም አለችኝና ወደ አረሙ ተመለሰች። ሁለት ሰው እስከ መስቀል የማሳውን ጥግ እንኳ አያጸዳም። ያ ማሳ ካልተኮተኮተ ልጆቿ የሚማሩበትም የሚለብሱበትም የለም። ስለዚህ ነገር ቀልድ ስላልመጣልኝ ወደሚቀጥለው ቁጥር እሄዳለሁ።

አራተኛ፤ ልመናችን። መሥሪያ ቤትዎ ማኅተሙን ያሳረፈበት አንዲት ወረቀት እንዲጽፍልን ባሂራን ወክዬ በትሕትና እጠይቃለሁ። ረጅም መሆን የለበትም። «የእኛ ትንበያ በዚያ ሜዳ ላይ በወትሮው የማይሰምር በመሆኑ ወይዘሮ ባሂራ በተቃራኒው መተማመናቸው ተገቢ ነበር፤ ማክሰኞ የደረሰው ልክ መሆን ከዓቅማችን በላይ የሆነና ሊደገም የማይችል አጋጣሚ ነው» የሚል ቢሆን ይበቃናል። ወረቀቱን ይዘን ሙባሪክ ፊት ስንቀርብ ተራዋ ይመለሳል። ያን ዕለት የተነበየው ባለሙያ ምናልባት አዲስ ገብቶ ወንበሩን ወደ እኛ አዙሮ የተቀመጠ ልጅ ከሆነ፣ እባክዎ እንዳይቀጡት፤ ነገር ግን ወይ ሁሉም እንደ እሱ ይዙሩ፣ ወይ እሱን ወደ ተራራው ይመልሱት። ግማሹ እንዲህ ግማሹ እንዲያ ሆኖ የተቀመጠ ቢሮ ግን ገበሬ ይገድላል።

ደመና በሚያዩት በኩል ብቻ እንዲዞርልዎ፣ ሥልጣንዎ ከበልግ እስከ በልግ እንዲዘልቅልዎ፣ በሚቀጥለው ሥልጠና ደግሞ አበልም መስኮትም እንዲጨመርልዎ እየተመኘሁ፣ ክረምቱን ሙሉ ቃልዎን ሳላጎድል ያነበብኩና አንዲትም ቀን እንደተጻፈው ያላመንኩ ታማኝ አንባቢዎ ነኝ።

ከድሮ ሳኒ
ቆሼ

ግልባጭ፦
ለሙባሪክ (ጮክ ተብሎ የሚነበብለት)
ለተራራው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ደቦው ተሰበሰበ። የእርስዎ ወረቀት ከመስቀል በፊት ሊደርስ እንደማይችል ሁሉም ስለገመተ ከድጄ ተነሥታ፣ «ሲሳሳት የኖረ ሰው አንድ ቀን እውነት ቢያመልጠው ጥፋቱ የሰሚው ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ሙባሪክ ብዙ አሰበና የባሂራን ተራ መለሰላት። ቀኑ ሐሙስ ነው። ወዲያው የሐሙስን ትንበያችሁን ከፍቼ አነበብኩላቸው፤ «በአንዳንድ ቦታዎች ዝናብ፣ በአንዳንድ ቦታዎች ፀሐይ፣ በጥቂት ቦታዎች ደግሞ ሁለቱም ሊኖር ይችላል» ይላል። እንደተጻፈው አነበብነው፣ ተቃራኒውንም ወሰድን፤ ወዲህም ወዲያም ያው ሆነብን። ስለዚህ ሐሙስ ዶማችንን ይዘን እንወጣለን። ባሂራ ግን ሁለተኛ አላበስልም ብላለች። ከዘነበ ሁለት ሚኒባስ ተኮናትረን ሠላሳችንም ለምሳ ወደ ቢሮዎ እንመጣለን፤ በሕጋችን መሠረት መጥተን ከበላን የሚቆጠረው የእርስዎ ተራ ነው። ቅቤውን አደራ። ሙባሪክ ሲጨመርለት በቃኝ አይልም።