ለአባቴ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ኤፕሪል 2፣ ሐሙስ
ዛሬ ከሥራ በጊዜ ወጣሁ። ከሥራዬ ከዱሉዝ እስከ አባዬ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ክሊኒክ ድረስ መንገዱ ዝግ ነበር። አባዬ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ተኮሳትሮ። ነርሷ ተከትላው ወጣች። ደሙ ውስጥ ፖታሲየሙ ከፍ ብሏል አለች። የጾሙ ምስርና ባቄላ ነዋ! ቄሱ ራሳቸው "ለሕመምተኛ መግደፍ ተፈቅዷል" ብለውት "ለእኔ አልተፈቀደም" ብሎ መልሷቸዋል።
"ንገሪያት፣ ሽሮ ነው የምበላው በያት" አለኝ።
ሽሮን ለነርስ እንዴት ነው የሚያስተረጉሙት? "ኢት ኢዝ ኤ ካይንድ ኦፍ ቢን" አልኩ። የባቄላ ዓይነት ነው ማለቴ ነው፣ ጥፋቱን አባባስኩት።
ያመለከትኩባቸው ሁለቱም ሜዲካል ስኩሎች ተቀብለውኛል። የመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ፣ ማታ ማታ ኬሚስትሪ ከልጆች ጋር ተቀምጬ ተምሬ... ሁለቱም! እስከ ኤፕሪል 30 አንዱን መርጬ ሌላውን መልቀቅ አለብኝ። አንዱ እዚሁ ከተማ ነው፣ ከቤታችን ከስቶን ማውንቴን ብዙ አይርቅም። ሌላው ኦሃዮ፣ በመኪና ሙሉ ቀን።
የቅርቡን መርጫለሁ። አለቀ። ለአባዬ እሁድ እነግረዋለሁ።

ኤፕሪል 5፣ ሆሳዕና
ነገርኩት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ። የዘንባባ ቀለበቱን ጣቱ ላይ እያዞረ ሰማኝ።
"ለምን የቅርቡን?"
"ይሻላል ብዬ ነዋ።"
"ለማን?"
ሬዲዮውን ከፈትኩ። መክፈቴ ነው ያበላሸው።
"ሐኪም የምትሆኚው እኔን ልታመላልሺ ነው?" አለኝ። "እናትሽ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር?"
እማዬን ከመቃብር ጠርቶ ምስክር ማቆም ያውቅበታል። "ካንተ ጋር አይገናኝም" አልኩት። ቀለበቱን አውልቆ የመኪናው መስታወት ሥር ጣለው።

ኤፕሪል 7፣ ማክሰኞ
ልወስደው ስመጣ ቤት የለም። በጋሽ ዳኛቸው ታክሲ ሄዷል። ጋሽ ዳኛቸው የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ (መሪ) ናቸው፣ የአባዬ የልብ ወዳጅ።
ሲመለስ "ለምን አልጠበቅከኝም?" አልኩት።
"እርስዎን ላለማድከም ነው።"
እርስዎ! ሲናደድ አንቱ ይለኛል። በዚህ ቤት ታናሿ እኔ ነኝ፣ የተከበርኩትም እኔ ሆንኩ። ራቱን ራሱ አሙቆ በላ። ሳሕኑንም ራሱ አጠበ፣ እንድሰማው እያንቋቋ።
አይበግረኝም። የእሱ ልጅ ነኝ።

ኤፕሪል 9፣ ጸሎተ ሐሙስ
ዛሬም በታክሲ። ቤተ ክርስቲያን እግር ይታጠባል፣ እሱ ደሙን ያሳጥባል፣ እኔ መጋዘን ቁጭ ብዬ ደረሰኝ አገላብጣለሁ።

ኤፕሪል 12፣ ፋሲካ
ጾሙን ፈታ። ዶሮውን ጨው ቀንሼ ሠራሁለት፣ በላ። ጉርሻ አልሰጠኝም። በፋሲካ! ከልጅነቴ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ጉርሻ የእኔ ናት። እጁ ሳሕኑ ላይ ትንሽ ቆየች... ከዚያ ወደ ራሱ አፍ ሄደች።
ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ እውነቱን ለመናገር።
ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ። አባዬ ለእኔ እሺ አይልም። ለሐኪምም አይልም። ለቄስም እንዳላለ አየሁ። ግን በር ላይ የቆመ ሽማግሌ አሳፍሮ መልሶ አያውቅም።

ኤፕሪል 14፣ ማክሰኞ
ጋሽ ዳኛቸውን አነጋገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።
"ሽማግሌ እኮ ለባል ነው! ለስኩል ሽማግሌ የላከ ማን አለ?"
"እንግዲህ እኔ ልላክ።"
"ቁርጥ አባትሽን! ምን በሉልኝ ነው የምትይው?"
"ልጅህ እዚሁ ትማር፣ ፍቀድላት፣ ታርቃችሁ ኑሩ። በቃ።"
ሽማግሌ ሦስት ነው አሉ። አንዱ እሳቸው፣ ሁለተኛው ከማኅበሩ ጋሽ አሸብር፣ ሰውየው ከሰላምታ ሌላ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሦስተኛዋ ራሷን ሾመች፣ የዚያው ማኅበር እትዬ የሺእመቤት። "ሴት ሽማግሌ አይሆንም ያለው ማነው? እኔ ካልገባሁ እነዚህ ሁለቱ ምሳ ቀርቦላቸው ጉዳዩን ይረሱታል" አለች።

ኤፕሪል 19፣ ዳግም ትንሣኤ
መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጋሽ ዳኛቸው ከዘራ ይዘው (እግራቸው ደህና ነው!)። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ አዳምጣለሁ።
"ቁጭ በሉ እንጂ" ይላል አባዬ።
"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"
"ጉዳያችሁ ምንድነው?"
ጋሽ ዳኛቸው ሁሉንም ተናገሩ፣ አሳምረው። ልጅህ ትወድሃለች፣ ልጅህ አጠገብህ ልትማር ትለምንሃለች... ጋሽ አሸብር በየመሐሉ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።
"እግዜር ይስጥልኝ፣ አክብራችሁኛል" አለ አባዬ በመጨረሻ። "ከዘመድ ልማከርና ሜይ 3 እሁድ ተመለሱ።"
"እሺ፣ እንመለሳለን!" ብለው ቁጭ አሉ። በሉ፣ ጠጡ፣ መርቀው ሄዱ።
መኪናቸው ድረስ ሮጬ ደረስኩባቸው። "ጋሼ፣ መጨረሻው ኤፕሪል 30 ነው እኮ!"
ጋሽ ዳኛቸው ደነገጡ። "ውይ... ልማዱ ነዋ! አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፣ ቀጠሮ ይሰጣል። ዴድላይኑ ጭራሽ ከአእምሮዬ ጠፋ።"
አባዬ ግን አልጠፋበትም። መስኮቱ ላይ ቆሞ ያየን ነበር፣ ፈገግ ብሎ።

ኤፕሪል 21፣ ማክሰኞ
የእሱ ፈቃድ ለምን ያስፈልገኛል? ትልቅ ሰው ነኝ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የቅርቡን ትምህርት ቤት ስም መጫን ብቻ ነው... ዘጋሁት።
እትዬ የሺእመቤት ደወለች።
"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሳታስቢ መልሺልኝ። አባትሽ ጤነኛ ቢሆን የቱን ትመርጫለሽ?"
"የኦሃዮውን።"
አፌ ነው የመለሰው።
"በይ ደህና ዋይ" ብላ ዘጋችው።

ኤፕሪል 22፣ ረቡዕ
እህ... ይኸው እዚህ እንኳን ልጻፈው። ኢንተርቪው የሄድኩ ቀን፣ ኦሃዮ፣ የትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ሶማሌ አሮጊት አየሁ። አንዲት የሕክምና ተማሪ ከፊታቸው ተቀምጣለች፣ አስተርጓሚ አጠገባቸው፣ ማንም አይጣደፍም። አሮጊቷ ስለ ልጅ ልጃቸው ሁሉ አወሩ። ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የሕመምተኞች ቤት ድረስ ይሄዳሉ አሉኝ። እኔ ደግሞ ትዝ ያለኝ የአባዬ ኩላሊት መታመሙ የተነገረ ቀን ነው። ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ ያወራል፣ እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ ለአባቴ የማስተረጉምበት ቃል ጠፍቶኝ "ትንሽ ደክሟል ነው የሚለው" አልኩት።
እዚያ ነው መማር የምፈልገው። ለሌላ ሰው አባት፣ እንደዚያች ተማሪ መቀመጥ።
የቅርቡም ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፣ ስሙን አላጠፋም። ግን ልቤ እዚያ አይደለም። አባዬ ይህንን አውቋል፣ ከእኔ በፊት። ምንኛ ያናድዳል!
ቢሆንስ? ማን ያመላልሰዋል? ምግቡን ማን ያይለታል? ስለዚህ የቅርቡ ነው። ቆርጫለሁ።

ኤፕሪል 26፣ እሁድ
የመኝታ ክፍሌ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሦስቱም ቆመዋል፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራውም አለ።
"ምነው? ቀጠሮው ሜይ 3 አይደል?"
"ያ የአንቺ ጉዳይ ነው" አሉ ጋሽ ዳኛቸው። "አሁን የመጣነው ከአባትሽ ተልከን ነው።"
አባትሽ ያሉት ሰው ሳሎን ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርጎ ከፍቶታል፣ ያልሰማ ለመምሰል።
"በሉ ቁጭ በሉ" አልኩ፣ ሌላ ምን ይባላል?
"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።" ክፍሌ ውስጥ ደግሞ ያለው አንድ ወንበር ነው፣ እሱም ላይ ልብስ ተቆልሏል።
እትዬ የሺእመቤት ወሬ ሆዷ አያድርም፣ የነገርኳትን ሁሉ ነግራዋለች። "አባትሽ እንዲህ ብሎሻል" አለች። "ልጄ የወደደችውን ትማርልኝ። የእኔ መድኃኒት እሷ የምትሆነው ስትማር ነው እንጂ የመኪና መሪ ስትይዝ አይደለም።"
"ማን ያመላልሰዋል?"
"ማክሰኞ እኔ" አሉ ጋሽ ዳኛቸው። "ቅዳሜ የሺእመቤት። ጽዋ በተራ እናወጣ የለም እንዴ? እሱንም በተራ እናደርሰዋለን።"
"እሱ እሺ አይልም።"
"እሺ ብሏል። ሽማግሌ ሲልክ ነዋ! የላከ ሰው የሽማግሌውን ቃል ያከብራል።"
ወንበሩ ላይ የተቆለለውን ልብስ አነሳሁ። "እንግዲህ... ከዘመድ ልማከርና ሜይ 3 ተመለሱ" አልኩ።
ከሳሎን ድምፅ መጣ። "ቀጠሮ የለም! ሐሙስ ያልቃል!"
ሁላችንም ሳቅን። የእኔ ሳቅ ግን ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። ያኔ ነው ጋሽ አሸብር የተናገሩት፣ በዚህ ሁሉ ሽምግልና የመጀመሪያ ቃላቸው።
"ልጄ፣ ሐሙስን ለእኔ ተዪልኝ።"

ኤፕሪል 30፣ ሐሙስ
ጋሽ አሸብር እየነዱ፣ አባዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እንግዳ ሆኜ ሄድኩ። ዲያሊሲሱ በር ላይ ፓርክ እንዳደረጉ ስልኬን አውጥቼ የኦሃዮውን ተጫንኩ።
"ተጫንሽው?" አለ አባዬ።
"ተጫንኩት።"
"ድምፅ የለውም እንዴ?"
"የለውም።"
የምሳ ዕቃውን ከፈተ፣ ጠቀለለ፣ ወደ ኋላ ዞሮ አጎረሰኝ። "የፋሲካዋ ናት" አለ። ከዚያ ወርዶ ብቻውን ገባ። ሲገባ አየሁት፣ ትከሻው ዝቅ ብሏል። የበሩን እጀታ ያዝኩ። ግን አልወረድኩም።

ኦገስት 23፣ እሁድ፣ ኦሃዮ
የመጀመሪያውን የአናቶሚ ፈተና ወደቅሁ። ጎኔ የተቀመጡት ልጆች ባዮሎጂውን ትናንት የጨረሱ ናቸው፣ እኔ እጄ ላይ ያለው የመጋዘን ሒሳብ ነው። ትናንት አባዬ ሲደውል "ደህና ነኝ" አልኩት። "ምግብስ?" "እበላለሁ።" "ፈተናስ?" "አሪፍ ነው።" እሺ ብሎ ዘጋ። እሱም ደህና ነው፣ ጋሽ አሸብር ሐሙስ ሐሙስ ያወሩ ጀመር አለኝ። ማቆሚያ የላቸውም አለ።
ዛሬ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። አይቻቸው የማላውቃቸው ሰዎች፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎችና አንዲት እናት። ነጠላ አጣፍተዋል። እናትየዋ ድስት በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል።
"ልዕልት ኃይለመስቀል አንቺ ነሽ?"
"አዎ..."
"እዚህ ካለው ቤተ ክርስቲያን ነን። አባትሽ ደውሎ ቄሳችንን አግኝቷቸው ነው። ልኮን ነው የመጣነው።"
"ግቡ፣ ቁጭ በሉ።"
"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አንደኛው፣ ፊታቸው ኮስተር ብሎ። "አባትሽ እንዲህ ብሏል። ልጄ ደህና ነኝ ካለች ደህና አይደለችም። እኔም እንዲሁ ነኝ፣ ከእኔ ወርሳው ነው። ሂዱና እሺ አሰኙልኝ። እሁድ እሁድ ከሰው ጋር ትብላ።"
በሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሰው አያስፈልገኝም፣ ጊዜ የለኝም፣ ማክሰኞ ድጋሚ ፈተና አለብኝ... ይህ ሁሉ አፌ ላይ ነበር።
ቀጠሮ አልሰጠኋቸውም።
"ወድቄአለሁ" አልኩ። "ግቡ።"