ከወሳንሳው ሥር

ለውድ አበልጄ፣

የመድኃኔ ዓለም ሰላም ከደጃፍሽ አይራቅ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? እናንተ ዘንድ ኮባን ከተማ ዝናቡ አያባራም ይላሉና ቁርጥማቱ እንዳይነሣብሽ እየሰጋሁ ነው። ዶሮዎችሽ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። የክርስትና ልጅሽ ሉሲላ ረዝማለች፤ ጆሮዬ ጋ ደርሳለች። ነገረ ሥራዋ ግን አሁንም የሕፃን ነው። ትናንት የታማሉን የበቆሎ ሊጥ በቅጠል ስንጠቀልል ቅጠሉን በግልባጩ ይዛ፣ እንዲህ ነው የሚጠቀለለው ብላ ስትከራከረኝ ዋለች።

እንግዲህ ዙሪያውን ብዞር ነገሩ አይቀርልኝም። በዐቢይ ጾም መግቢያ ገላዬን ስታጠብ በግራ ብብቴ ሥር እብጠት አገኘሁ። እንደ ባቄላ ፍሬ ጠንካራ ናት፤ ሲነኳት አትሸሽም። አላመመችኝም፤ ያስፈራኝም አለማመሟ ነው። እናቴ በምን እንደሞተች ታውቂያለሽ፤ አብረሽኝ አስታመሻት የለ? ከዚያ ወዲህ እጄ ሳላዘው ወደ ብብቴ ይሄዳል። ገበያ ቆሜ ቲማቲም ስመርጥም፣ ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬም፣ ሄዳ ይሆን ብዬ እዳብሳለሁ። አልሄደችም።

ለማንም አልተነፈስኩም። ለእመቤታችን ብቻ ነገርኳት፤ እሱንም እንደ ነጋዴ። “ዘንድሮም ዓርብ ስቅለት ሐውልትሽ ከተማውን የሚዞርበትን ወሳንሳ በግራ ትከሻዬ፣ ከፊትሽ ካለው ከለመድኩት ቦታ እሸከማለሁ። አንቺ ደግሞ ይህችን ነገር ውሰጂልኝ” ብዬ ተሳልኩ። ስለቴ ሁሉ እንዲህ ነበር እኮ። ሉሲላ ስትታመም፣ ሟቹ ባሌ መጠጥ ሲያበዛ፣ ጣሪያው ሲያፈስ፤ አንድ ሰጥቼ አንድ መቀበል።

ችግሩ የመጣው ከልኬታው ነው። የተሸካሚ ሴቶቹ አለቃ እትዬ ሮሴንዳ በዚያች ምልክት ባለባት በትራቸው የእያንዳንዳችንን ትከሻ ለክተው ነው ቦታ የሚሰጡን፤ ቁመታችን ካልገጠመ ወሳንሳው ያዘነብላልና። ዘንድሮ በትራቸውን አስጠግተው ደግመው ለኩኝ። ከዚያ “አንቺ፣ ግራሽ ወርዷል እኮ። ጡብ ተሸክመሽ ነው የምታድሪው?” አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ። “ዘንድሮ ከኋላ፣ ከአጫጭሮቹ ጋር ነሽ” አሉኝ። ስለቱስ? “እትዬ፣ ዛሬ ወገቤን ይዞኝ ጎብጬ ነው፤ ነገ እንደገና ይለኩኝ” ብዬ ለመንኳቸው። በማግስቱ ፎጣ አጥፌ ከጥቁሩ ቀሚሴ ሥር ትከሻው ላይ ሰፍቼው ሄድኩ። ለኩኝና “በአንድ አዳር የሚያድግ ትከሻ ገና ዛሬ አየሁ” አሉ። ግን ቦታዬን ሰጡኝ።

ዓርብ ወሳንሳውን ስናነሣ ለካ ፎጣው ከአጠገቤ ካሉት ከፍ አድርጎኝ ኖሯል፤ ክብደቱ እኔው ላይ ወደቀ። አበልጄ፣ አጥንቴ ድረስ ገባ። ብብቴ ሥር ያለችው እንደ ፍም ነደደች። ያንን ለእመቤታችን ማለፊያ መንገዱ ላይ በቀለም ያስጌጡትን የሰጋቱራ ምንጣፍ እየረገጥኩ “ተሸከምኩልሽ፣ ውሰጂልኝ፤ ተሸከምኩልሽ፣ ውሰጂልኝ” እላለሁ። ከኋላዬ ያቺ ምላሰኛዋ ዓሣ ሻጭ ፔትሮና ነበረች። “ምን ታጉረመርሚያለሽ? ጸሎት ነው ስድብ?” ትለኛለች።

ዳቦ ቤቱ ጋ ስንታጠፍ የፎጣው ስፌት ተፈታ። በጀርባዬ ተንሸራቶ ወረደ፤ እንጨቱም ከትከሻዬ ተለየ። በእግሬ ጣቶች ቆሜ ልደርስበት ሞከርኩ፤ እንዲያ ሆኖ መሄድ አይቻልም። እንዲህ ያለ ፍርሃት ፈርቼ አላውቅም። አልቀበልሽም አለችኝ፣ ስለቴ ፈረሰ፣ እንግዲህ ልሞት ነው አልኩ። ከመስመሩ ልወጣ ስል ፔትሮና በጉልበቷ ገፋ አድርጋኝ “ወዴት ነው? ሂጂ እንጂ። የቤቱ ምሰሶ አንቺ ነሽ ያለሽ ማን ነው? እኛ ይዘነዋል” አለችኝ።

ሄድኩ። ጓንት ያጠለቀ እጄን እንጨቱ ላይ ጣል አድርጌ፣ ምንም ሳልሸከም ሄድኩ። የምሰጠው ሲጠፋኝ የምጠይቀውም ጠፋኝ። ዕድሜ ልኬን ስጸልይ ዝም ብዬ አላውቅም ነበር፤ እዚያ ዝም አልኩ። ዞር ብዬ ቀና ስል የእመቤታችንን ፊት አየሁት። ይህን ሁሉ ዓመት አንገቴን ደፍቼ ስሸከማት አይቼው አላውቅም። ለካ እሷም የለመነችው አልተሰጣትም። ልጇ ከመስቀሉ በሕይወት አልወረደላትም። ግን ጥላው አልሸሸችም፤ እዚያው ቆማ ነበር።

ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም። ይህን ስጽፍልሽም አጠገቤ ተቀምጧል። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ከፍርሃቴ ጋር ሁለታችን ብቻ አይደለንም። አሁን ስጸልይ “ፈቃድህ ይሁን” የምትለው ላይ ስደርስ ድሮ እንደማደርገው አልሮጥባትም። አፌ ይንቀጠቀጣል፤ ግን እላታለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ጓቴማላ ከተማ ወርጄ ከእብጠቷ ቆንጥረው መረመሩልኝ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። እጄን ይዛ ነው የነገረችኝ፤ ከኔ ይልቅ ለሷ አዘንኩላት። ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ስትመጪ በአፌ እነግርሻለሁ። ለሉሲላ ገና ምንም አላልኳትም። ይህንንም ደብዳቤ እሷ ፖስታ ቤት እንድታደርስልኝ ሳልሰጣት በፔትሮና እጅ የላክሁት ለዚያ ነው።

ዝናቡ ሳይበረታ ነይልኝ። ለእንግድነት የሚሆን ልብስ ብቻ እንዳትይዢ፤ ዶሮዎችሽንም አምጫቸው። የጓሮውን ክፍል ኖራ ቀብቼዋለሁ፤ ፀሐይ ስለሚገባው ለጉልበትሽ ይስማማል።

ሉሲላ ነጎድጓድ ትፈራለች፤ ግን አትናገርም። የፈራች ቀን የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች። ያን ጊዜ ምን ሆነሻል አትበያት፤ ጨርቅ ይዘሽ አጠገቧ ቁሚና እያደራረቅሽ ተቀበያት። ከጥምቀቱ ውኃ የተቀበልሻትም አንቺው ነሽ። አንድ ቀን ተሳስታ “እማዬ” ብትልሽ አታርሚያት። እኔ አልቀየምም።

እጁን ከላይሽ አያንሣ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በሰላም ያግባሽ።

አበልጅሽ፣ የሉሲላ እናት