ዶን ላሎ የደፈኗቸው ጉድጓዶች

ዶን ኤውላሊዮ ቻታ ተሱኩን፣ ሁላችንም ዶን ላሎ የምንላቸው፣ ከአባታቸው ከዶን ሲፕሪያኖ ቻታና ከእናታቸው ከዶኛ ማርሴሊና ተሱኩን በየካቲት ወር 1951 እ.ኤ.አ. በፔቴን ኢትሳ ሐይቅ ዳር በሳን ሆሴ ተወለዱ። ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ገና አልተነሣም ነበርና አዋላጇ ቤቱን ያገኘችው በልቅሷቸው ተመርታ ነው ይባላል።

እስከ ሦስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ የሚያስተምር በመንደሩ አልነበረም፤ ቢኖርም እንደማይቀጥሉ ራሳቸው ይናገሩ ነበር።

በ1970 ከታላቅ ወንድማቸው ከሂላሪዮ ጋር ማስቲካ የሚሠራበትን የዛፍ ሙጫ ሊሰበስቡ ወደ ሰሜኑ ጫካ ገቡ። በዚያው የዝናብ ወቅት ሂላሪዮን እባብ ነደፈውና ሞተ። መንደሩ ሩቅ፣ ሙቀቱም ብርቱ ስለነበር ዶን ላሎ ወንድማቸውን ሲወጣበት በነበረው ዛፍ ሥር፣ ዛፍ ሲወጣ እግሩ ላይ ከሚያስረው ብረት ጋር ቀበሩት። አውሬ እንዳያወጣው ብለው አፈሩን ደለደሉ፣ ቅጠል በተኑ፣ በላዩም ችግኝ ተከሉ። ከአባታቸው ጋር አስከሬኑን ሊያመጡ ሲመለሱ ግን ቦታውን ማግኘት አልቻሉም። ዝናቡ ቀድሟቸው ነበር፤ ዛፉም ሁሉ አንድ መስሎ ታያቸው።

በ1975 ወይዘሮ ፍሎሬንሲያ ቻያሽን አግብተው ዲልሲያንና ማርቪንን ወለዱ። በ1990 ያ ጫካ ጥብቅ ፓርክ ሆነና ለሙጫ ሰብሳቢ ተዘጋ። ዶን ላሎ ወደ ወንድማቸው የሚያደርስ አንድ በር ብቻ ቀራቸው፤ በቀጣዩ ዓመት የአርኪዮሎጂ የመስክ ቴክኒሻን ሆነው ተቀጠሩ። ለጥንት ታሪክ ፍቅር ኖሯቸው ነው የሚሉ አሉ። አይደለም።

ሥራቸው ጥርጊያ መንገድ ማውጣት፣ ጉድጓዱን በገመድ ማስመር፣ አፈሩን በወንፊት መንፋትና በመጨረሻ መድፈን ነበር። በፓርኩ ውስጥ የተቆፈረው ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ቆፋሪዎቹ ካደሩበት ሰፈር ምስማር እንኳ አይቀርም። ከመደፈኑ በፊት የዚያ ዓመት ቁጥር የታተመበት ሳንቲም ወደ ጉድጓዱ ወለል ይጣላል፤ ወደፊት የሚቆፍር ሰው እዚህ ቀድሞት የደረሰ እንዳለ እንዲያውቅ ነው። አፈሩን መልሶ ቅጠሉን ማልበስ የዶን ላሎ ድርሻ ነበር። «ላሎ የደፈነውን ሰይጣንም ካርታ ይዞ አያገኘው» ይሉ ነበር ባልደረባቸው ዶን ኔሪ። ሌሎቹ ሲስቁ ዶን ላሎ አይስቁም ነበር።

በሰፈር ሲያድሩ ሂላሪዮ በሕልማቸው ይመጣ ነበር። ዛፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከወገቡ በታች ጭጋግ ውጦት፣ «ላሎ፣ ረገጥከኝ እኮ» ይላቸዋል። ማለዳ የዚያ ጫካ ጦጣዎች እንደ አንበሳ ሲያገሱ ይነቁና እግራቸውን እያዩ በቀስታ ይራመዳሉ። ቀኑም ከሕልሙ ብዙ አይለይም ነበር፤ በዚያ ጫካ ኮረብታ የመሰለው አፈር የዋጠው የጥንት ቤት ነው፣ ጉብታ የመሰለው ደረጃ ነው፣ ብርሃኑም ከላይ ሳይሆን ከቅጠሉ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

በ1998 ከአንድ ጉድጓድ የሰው አጥንት ብቅ አለ። ዶን ላሎ ብሩሹን ከሌላ ሠራተኛ ተቀብለው ተንበረከኩ። ጥርሱ ሲጸዳ አረንጓዴ ድንጋይ ተሰክቶበት ተገኘ፤ ከሺህ ዓመት በፊት የሞተ ባለ ማዕረግ ሰው ነበር። ሁሉም ሲደሰት እሳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁና «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሌላ ሰው ስፈልግ ነው የቀሰቀስኩዎት» አሉት።

ከጫካ በተመለሱ ቁጥር ዶኛ ማርሴሊና በሩ ላይ ቆመው ይጠይቋቸው ነበር።

«አገኘኸው?»

«አላገኘሁትም እማዬ።»

«አደባበቅህ ለራስህም አልሆነ!» ይሉና ምግብ ያቀርባሉ።

በየዓመቱ ኅዳር መግቢያ፣ ሙታን በሚጎበኙበት ቀን፣ እናታቸው ለሂላሪዮ በደጃፍ ምግብ ያለበት ሳህን ያስቀምጡ ነበር። እሳቸው በ2004 ካረፉ ወዲህ ሳህኑን ያስቀመጡት ዶን ላሎ ናቸው።

በ2016 ጡረታ ወጡ። ሂላሪዮ አልተገኘም።

በሳንባ ሕመም ለሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2023 በቤታቸው ዐረፉ። ከባለቤታቸውና ከሁለቱ ልጆቻቸው ሌላ አራት የልጅ ልጆች ትተዋል። በመጨረሻው ሳምንት ልጃቸውን ዲልሲያን ጠርተው «የኔን እንዳታሳምሩት። ክምሩ ከሩቅ ይታይ፤ ቅጠል የሚባል እንዳትበትኑ» አሏት።

«ሳንቲሙስ አባዬ?»

«እሱማ ምኑ ይጠየቃል።»

የጠፋው ሁሉ ያለበትን የሚያውቅ አምላክ፣ ዶን ላሎ ያልደረሱበትን ዛፍ ያሳያቸው፤ ሁለቱን ወንድማማች በአንድ ጥላ ሥር ያሳርፍልን።

አፈር የምትመልሱ የሥራ ባልደረቦቻቸው፦ የዘንድሮው ሳንቲም በዲልሲያ እጅ ነውና ሳትጥለው አትጀምሩ። ስትጨርሱም ከልማድ የተነሣ አፈሩን መደልደል ያምራችኋል። አትደልድሉት።